ክንፍ ያላት መኪና ስትገለበጥ

ለዓመታት የደበቅኩትን፣ እያፈርኩም ቢሆን፣ ልናገር። ጣሪያቸው ላይ ክንፍ የተገጠመላቸው መኪኖች ክብ የአፈር ሜዳ ላይ ሲሽቀዳደሙ ማየት ሱሴ ነበር። ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ አያምርም ብዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እጮኛዬን «ኦቨርታይም አለብኝ» እያልኩ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሜዳው ብቻዬን እነዳ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አንዷ መኪና ስትገለባበጥ ሳላስበው «እመብርሃን!» ብዬ ጮህኩ። ከፊቴ የተቀመጡ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ዞር አሉ። የእጮኛዬ አባት! ከሚኖሩበት ከአሌክሳንድሪያ እዚህ ድረስ ምን አመጣቸው? አለቀልኝ፤ ውሸታም ምራት ማን ይፈልጋል?

እሳቸው ግን ከመቀመጫቸው ተነስተው እጄን ያዙኝ።

«አይዞሽ ልጄ፣ ደህና ነው። ግን ማን ነገረሽ? ከሰማች ትተወኛለች ብሎ አስምሎኝ ነበር እኮ!»

ወደ ሜዳው ዞርኩ። ከተገለበጠችው መኪና ወጥቶ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሄልሜቱን የሚያወልቀው እጮኛዬ ነበር።