ከውስጥ የሚመጣ ጉምጉምታ

ትናንት አንድ ወዳጄ አሮጌ አምፕሊፋየሩን ሲያበራ፣ የጋሉት አምፖል መሰል የመስታወት ቫልቮች ያነሡት የአቧራ ሽታ ወደ ልጅነቴ ከተማ ሞጣ ወሰደኝ።

አባቴ አስተማሪ ነበር፤ በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ እንዲህ ያለ ቫልቭ ያለው ትልቅ ሬዲዮ ነበረን። ያን ሰሞን ሬዲዮው ሳያቋርጥ ጉምጉም ይል ነበር። አባቴና እናቴም ከተኳረፉ ሳምንት አልፏቸዋል፤ እናቴ በማግስቱ ቢቸና ወላጆቿ ዘንድ ልትሄድ ልብሷን ጠቅልላለች።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን የኔታ፣ ዓይነ ስውሩ የቅኔ መምህር፣ ዜና ሊሰሙ መጡ።

«እስቲ ድምፁን ቀንሰው» አሉት አባቴን።

ቀነሰው። ንግግሩ ጠፋ፤ ጉምጉምታው ግን እንዳለ ቀረ።

«ስማ ልጄ፣ ድምፁ ሲቀነስ ጉምጉምታው ካልቀነሰ ሕመሙ ከውስጥ ነው። ዝም ማሰኘት አያድነውም፤ ከፍቶ ማየት ነው።»

እኔ ሬዲዮው እስኪከፈት ስጠብቅ፣ አባቴ ወደ እናቴ ዞረ።

«አጥፍቻለሁ። እባክሽ አትሂጂብኝ» አላት።

እናቴ ጓዳ ገብታ ጥቅሏን ፈታች።

የተበላሸው ቫልቭ በሌላ የተቀየረው ከወር በኋላ ነው። በዓመቱ ታናሽ እኅቴ ተወለደች። ሰው ሲያመሰግናቸው የኔታ እስኪሞቱ ድረስ፣ «ኧረ እኔ የተናገርኩት ስለ ሬዲዮው ነው» ይሉ ነበር።