ኦሪሲያ እና የቅጣቱ ድንች

ኦሪሲያ ባቢያክ በአውስትራሊያዋ ሜልበርን ከተማ የትራም ቲኬት ቆራጭ ሆና ሠርታ ነው ጡረታ የወጣችው። እኛ ዩክሬናውያን ግን የምናውቃት በሌላ ሥራዋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በማኅበራችን አዳራሽ ትንንሾቹን ሴት ስካውቶች የምትመራው እሷ ነበረች። እናቴንም እኔንም ገመድ መቋጠር ያስተማረችን እሷ ናት። በስካውት ወግ ልጆች መሪያቸውን «እህት» ይላሉ፤ ስለዚህ ሰባ ዓመት አልፏትም አንቱ ያላት ልጅ የለም።

ካምፓችንን የምንተክለው በገና ሰሞን፣ በጋው ሲያቃጥል፣ ባሕር ዛፍ መሃል ነው። አንድ የቆየ ደንብ ነበረን፤ ካምፑ ውስጥ ከዩክሬንኛ ሌላ የተናገረ ድንች ይልጣል። እንግሊዝኛ ያመለጠው ሁሉ ኩሽና ገብቶ፣ እየተሳቀበት ልጦ ይወጣል። የሚቀየም አልነበረም።

ሩሲያ ዩክሬንን ወርራ ጦርነቱ በፈነዳ በመጀመሪያው ገና ግን ዝላታ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ከዩክሬኗ ካርኪቭ ከተማ መጣች። አባቷ ግንባር ነው። እሷና እናቷ ሰው ቤት ተጠግተዋል። ዩክሬንኛውን ትምህርት ቤት ተምራዋለች፤ ቤቷ የሚነገረው ግን ሩሲያኛ ነበር። ካምፕ በገባች በማግስቱ ጉንዳን ነከሳትና በሩሲያኛ ጮኸች። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ጋሽ ዜኖን ሰሙ።

«ይሄማ ከእንግሊዝኛውም ይብሳል! ወደ ድንች!» አሉ በሁሉም ፊት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ኩሽና ገብታ መላጥ ጀመረች፤ በቃሽ ብትባልም አላቆመችም። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ቋንቋ ቃል ከአፏ አልወጣ አለ።

ኦሪሲያ በነጋታው ጠዋት ቢላዋ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ስለ ደንቡም ስለ ጦርነቱም አላነሳችም። አብረው ሲልጡ ቆዩና፣ «እስቲ ያንን ባራቦሊያ አቀብይኝ» አለቻት።

ዝላታ ቀና አለች። «ምኑን?»

«ባራቦሊያውን። ያው፣ እግርሽ ሥር።»

«ድንቹን ነው? ካርቶፕሊያ ነው እኮ የሚባለው!»

«እኛ ቤት ባራቦሊያ ነው። ወላጆቼ ከልቪቭ ያመጡት የድሮ ቃል ነው።»

«አንቺ የምታወሪው ሁሉ ከሙዚየም የወጣ ይመስላል!» አለችና ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች። ኦሪሲያ ግን እንባዋ እስኪፈስ ትስቅ ነበር።

ከምሳ በኋላ ኦሪሲያ ወደ ጋሽ ዜኖን ድንኳን ሄደች።

«ዜኖን፣ የድንቹ ቅጣት ቀርቷል።»

«ምን? ወላጆቻችን ይሄን ቋንቋ በጥርሳቸው ነክሰው ነው ውቅያኖስ ያሻገሩት! አንቺ በገዛ እጅሽ ልትጥዪው?»

«ስማኝ። ስድስት ዓመቴ ላይ እዚሁ ከተማ ትምህርት ቤት ገባሁ። በእንግሊዝኛ መመለስ ሲያቅተኝ መምህሯ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመችኝ። ሽንት ቤት ልሂድ ማለት እንኳን አላውቅም። እዚያው አመለጠኝ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ይሄን ለባሌም ነግሬው አላውቅ። አሁን እኔ በተራዬ እንደዚያች መምህርት ልሁን?»

ጋሽ ዜኖን ባርኔጣቸውን አውልቀው አገላበጡት። «ደንብ ግን ደንብ ነው» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ዩክሬንኛ እንናገር፤ እሱ ይኑር። ድንቹን ግን ሁላችንም በተራ እንልጣለን። አንተም ጭምር።»

«እኔ? በዚህ ወገቤ?»

«ድንች የሚላጠው በወገብ ነው እንዴ?»

ጋሽ ዜኖንም ላጡ። መጀመሪያ ቀን እያጉረመረሙ ነበር። በኋላ ግን ዝላታ አጠገባቸው ተቀምጣ፣ እሳቸው የሚሉትን አሮጌ ቃል በአዲሱ ስታርማቸው፣ እሳቸውም «እሱማ ቃል አይደለም!» እያሉ ሲከራከሯት ይውሉ ጀመር።

የገና ዕለት ጠዋት አባቷ ከግንባር ደወለ። ዝላታ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ጉንዳኑ፣ በማርና በስንዴ ስለተሠራው የዋዜማ ምግብ ሁሉንም በዩክሬንኛ ነገረችው።

«የኔ ልጅ፣ እንደ ልቪቭ አሮጊት መናገር ማን አስተማረሽ?» አለና ሳቀ። ድምፁ ቆረጥ ቆረጥ ይላል።

«እህት ኦሪሲያ ናታ! ይኸው፣ አናግራት።»

ኦሪሲያ ስልኩን ተቀበለች። «ልጅህ ደህና ትበላለች» አለችው።

ዝላታ በዚያው ዓመት የስካውት ቃል ኪዳኗን ገባች፤ ስካርፉን አንገቷ ላይ ያሰረችላት ኦሪሲያ ናት። አባቷ በሕይወት አለ፤ አሁንም ይደውላል። ኦሪሲያ ጉልበቷ ሲደክም ቡድኑን ለእኔ አስረከበች። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አትቀርም፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ልጆቹን ታዳምጣለች።