የኤላው ተራ አስከባሪ

አባ ጂሎ ከነገሌ ወደ ፊልቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ኤላ ተራ አስከባሪ ነበሩ። ኤላ የምንለው ቦረናዎች አለት ፈልፍለው የቆፈሩት ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ነው። ወንዶች ከታች እስከ ላይ በተርታ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ የቆዳ ባልዲ እየተቀባበሉ ገንዳውን ይሞላሉ። የማን ከብት ዛሬ፣ የማንስ ነገ እንደሚጠጣ የሚወስኑት አባ ጂሎ ነበሩ። ክርስቲያን አልነበሩም። ነገር ግን ማለዳ ማለዳ ውኃው ሳይነካ ፈጣሪን ያመሰግኑ ነበር፤ ስለዚህ እወዳቸው ነበር።

በሃምሳዎቹ ዓመታት በአንድ ክፉ በጋ መንግሥት ኤላው ላይ የናፍጣ ሞተር አስተከለ። በነገሌ በየጠጅ ቤቱና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። አንዱ ከእንግዲህ ሰው አይደክምም ሲል ሌላው ወጣቱ ይሰንፋል ይላል። እኔ አምላኬን አመሰገንሁ። ሞተሩን የያዘው ከጦሩ በጡረታ የወጣው መካኒክ ተክሉ ነበር።

«አካም፣ አባ ጂሎ! እንግዲህ ይረፉ» አላቸው ተክሉ፣ ሞተሩን ባስነሳ ዕለት በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥቶ። «ያ ሁሉ ጎረምሳ የሚያወጣውን ውኃ ይህች ብቻዋን ታወጣዋለች።»

«ናጋ ነው፣ ሰላም ነው ልጄ። ክንዳችን ደክሟል፣ ትምጣ። ማን ይቅደም ሲሏት ግን ምን ትላለች?»

ተክሉ ሳቀ። «እሷማ ዱክ ዱክ ነው የምትለው።»

«እንግዲያው ያ ሥራ የእኔ ነው።»

መንግሥት ሞተሩን ሰጠ እንጂ ናፍጣውን አልሰጠም። የተቀዳለት ናፍጣ ባለቀ ማግስት የከብት ነጋዴው ወልደሚካኤል አንድ በርሜል በመኪና ጭኖ መጣ። ከፊልቱ ገዝቶ ወደ ሞያሌ የሚነዳቸው በሬዎች ከኋላው አቧራውን አስነስተዋል። የዚያን ቀን ተራው የሚቀዳላት ወንድ የሌላት፣ ጉያቱ የምትባል የአንዲት መበለት ነበር። ጥቂት ላሞቿ አጥንታቸው ወጥቶ ከገንዳው አጠገብ ተኝተዋል። ዛሬ ካልጠጡ እስከሚቀጥለው ተራ እንደማይደርሱ ሁሉም ያያል።

«ናፍጣውን ቅዳ!» አለ ወልደሚካኤል ተክሉን። «የእኔ በሬዎች ይቅደሙ።»

አባ ጂሎ በትራቸውን ይዘው በርሜሉ ላይ ተቀመጡ። «ተራው የጉያቱ ነው።»

«ውረድ አንተ ሽማግሌ! ዘመኑ የሳይንስ ነው። ድሮ ክንድ ያለው ይቀድም ነበር፣ ዛሬ ናፍጣ ያለው ይቀድማል።»

«ክንድ ያለው መቼ ቀደመ? ክንድ ያለው ይቀዳ ነበር፤ የተጠማው ይጠጣ ነበር።»

«ናፍጣው የእኔ ነው አልኩህ!»

«ያንተ ነው። ከፈለግህ ጠጣው።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ወልደሚካኤል ፊቱ ቀልቶ ፖሊስ እንደሚያመጣ ዛተ። አባ ጂሎ ከበርሜሉ ወርደው ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄዱና የድሮውን ዜማ ጀመሩ። ድምፃቸው ሻካራ ነበር። አንድ ጎልማሳ ጋቢውን ጥሎ ወረደ፤ ሌላው ተከተለው። ሞተር ከመጣ ወዲህ የተጣሉት የቆዳ ባልዲዎች ደርቀው ስለነበር የመጀመሪያው ተሰንጥቆ ውኃው ሁሉ ፈሰሰ። ጉያቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አባ ጂሎ ግን ዜማውን አላቋረጡም፤ ሁለተኛው ባልዲ ውኃ ያዘ።

«ተክሉ! ሞተሩን አስነሳ!» ጮኸ ነጋዴው።

«ሰው ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ አላስነሳም ጌታዬ፣ ጭሱ ይገድለዋል» አለ ተክሉ። «ይህም ሳይንስ ነው።» እጁን በጨርቅ ጠራረገና እሱም ከላይኛው ረድፍ ገብቶ ባልዲ ተቀበለ።

የጉያቱ ላሞች ጠጡ። አንዷን ደግፈው አነሷት። በዚህ መሀል ውኃ የሸተታቸው በሬዎች እረኞቹን እየጎተቱ ይጮኻሉ። ወልደሚካኤል በሬዎቹን አየ፣ ጉድጓዱን አየ፣ በመጨረሻ ወደ ሽማግሌው ተጠጋ።

«አባ ጂሎ፣ የእኔ ተራ መቼ ነው?»

«እንዲህ ብለህ ጠይቅ እንጂ! መንገደኛ ነህ፣ ከእሷ ቀጥሎ ትጠጣለህ። ልጆች፣ ውጡ!»

ሰዎቹ ወጥተው ሲያልቁ አባ ጂሎ በርሜሉን በበትራቸው መቱት። ተክሉ ናፍጣውን ቀዳና ሞተሩን አስነሳ፤ ገንዳው ወዲያው ሞላ። እሳቸው በቆርቆሮው ጥላ ሥር አረፍ ብለው ሞተሩን ያዩት ጀመር።

«አሁንስ ወደዷት?» አለ ተክሉ።

«ጎበዝ ናት» አሉ አባ ጂሎ። «ግን እሷም ተራዋን ትጠብቅ።»