ዱቄት የለበሱ ንቦች

ላፍቶ የነበረው እርሻቸው ኮንዶሚኒየም ከተሠራበት ወዲህ ለአባባ ኮርሳ የቀሯቸው ጠባብ ጓሮና ሰባት ቀፎ ንብ ናቸው። በንቦቹ ይኮራሉ። ማሬ ውስጥ ስኳር ከተገኘ ቀፎዎቹን በእጄ አቃጥላለሁ ብለው ሲምሉ ያልሰማ ጎረቤት የለም።

ኅዳር ላይ አንድ ማር ላኪ ድርጅት ከእሳቸው ሊረከብ ፈልጎ ናሙና ወደ ቤተ ሙከራ ላከ። እዚያ የምትሠራው የወንድማቸው ልጅ ሌንሳ ውጤቱን ራሷ ይዛ መጣች፤ በስልክ መናገር ከብዷት ነው። ከማሩ አምስተኛው እጅ የሸንኮራ ስኳር ነው አለች። አየር ውስጥ ቀላልና ከባድ ካርቦን እንዳለ፣ ሸንኮራ ከአበቦች ይልቅ ከባዱን በርከት አድርጎ እንደሚይዝ፣ ማርም የመጣበትን ተክል ምልክት እንደማይጥል እያፈረች አስረዳቻቸው።

«ማሽኑ ማን እንደጨመረው ያውቃል?» አሉ አባባ።

«አያውቅም። ከምን እንደመጣ ብቻ ነው የሚያውቀው።»

ድርጅቱ ማሩን ሳይረከብ ቀረ። ጎረቤታቸው ዋቅጅራ በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ እሳቱ መቼ ነው፣ በቆሎ ልጠብስበት ሲል ጠየቃቸው። ባለቤታቸው ቡዜ ክብሪቱን መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ኮርሳ ድሮ የንብ መንጋ ሲጠፋባቸው ያደርጉት የነበረውን አደረጉ። ከቀፎ በሚወጡት ንቦች ላይ ነጭ ዱቄት ነሰነሱና አንጋጠው ተከተሏቸው። ሁለት ጊዜ ከሰው ተጋጩ፤ አንዴ ሚኒባስ ጡሩምባ ነፋባቸው። ዱቄታሞቹን ያገኟቸው ከዋናው መንገድ ዳር፣ ኑሪ ሸንኮራ ጨምቆ ከሚሸጥበት ቤት በር ላይ ነው። ተጨምቆ የተጣለ የአገዳ ክምር ላይ ተረባርበዋል።

«አባባ፣ የእርስዎ ናቸው እንዴ?» አለ ኑሪ እየሳቀ። «ለካ ከብቶችዎን እኔ ደጅ ነው የሚያሰማሩት!»

አባባ አልሳቁም። አበባ የነበረበት ሁሉ ሲሚንቶ ሲሆን እነዚህ ፍጥረቶች የት ይሂዱ አሉ። ከዚያ አገዳውን ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ እንዲጥልላቸው ለመኑት፤ በርሜሉንም ራሳቸው አመጡለት። ለዋቅጅራ ደግሞ እስከሚቀጥለው ማር ቆረጣ ታገሠኝ፣ ስኳር ዳግም ከተገኘ መሐላዬ መሐላ ነው አሉት።

ግንቦት ላይ የተቆረጠው ማር የወትሮውን ሲሶ እንኳ አልሞላም። ናሙናውን ለሌንሳ ሰጧት። በዚህ ጊዜ ደወለች።

«አባባ፣ ሸንኮራ የለበትም። የአበባ ነው።»

«የየትኛው አበባ?»

«እሱን ማሽኑ አይነግረንም።»

አባባ ከማሰሮው በጣታቸው ቀመሱ። ትንሽ ይመራል።

«የግራዋ ነው፤ ጻፊበት» አሉና ስልኩን ለቡዜ ሰጡ።