ለአሮጌዋ መኪና የገዛነው መብራት

ባለቤቴ አሮጌዋን መኪናችንን የሚያስተካክላት በጆሮው ነበር። ካምዎክያ ሰፈር ካለው ምግብ ቤታችን ጀርባ ያቆማትና ሞተሩን አስነስቶ፣ እሳት የሚያከፋፍለውን ክፍል ቀስ እያለ በእጁ ያዞረዋል። ድምፁ ሲጥመው ብሎኑን ያጠብቃል። መሣሪያ የሚገዛው ጆሮ የሌለው ሰው ነው እያለ ይኮፈስብኝ ነበር።

ካለፈው ዝናብ ወዲህ ግን የኮሎሎን ዳገት በወጣን ቁጥር ሞተሩ ጠጠር እንደገባበት ቆርቆሮ ያንኳኳል። ነገርኩት። «አንቺ ደግሞ የሚያንኳኳ ነገር አይጠፋሽም» አለኝ። እንዲህ ያለውን ማንኳኳት ዝም ካሉት ሞተሩን እንደሚያበላሽ ያስተማረኝ ራሱ ነው። ደግሞ ዋናው ጭንቀቴ መኪናዋ አይደለችም፤ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ከጎኑ ጡሩምባ እየነፋ ሲመጣ ዞር አይልም። ጆሮዬ ደክሟል እንዲለኝ ብቻ ነበር የምፈልገው። ከዚያ ወዲያ ሐኪም ጋ መውሰዱ ለእኔ አይከብደኝም።

እሱ ግን ዘዴ አገኘ። የዚህ አገር ሰው ሲያናግረው ሉጋንዳውም እንግሊዝኛውም እንዳልገባው ሆኖ ወደ እኔ ይዞርና «ምን ይላል?» ይለኛል። ሉጋንዳ ያስተማረኝ እኮ እሱ ነው! እኔ በአማርኛ ስደግምለት አፌን እያየ ይሰማል። ቤተ ክርስቲያን ግን ሁሉም የሚያወራው አማርኛ ስለሆነ፣ ቅዳሴው እንዳለቀ ሥራ አለብኝ ብሎ ይወጣል። ደንበኞቻችን ጎበዝ አስተርጓሚ ሲሉኝ እስቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ቀኑን ሙሉ ለሁለት ሰው መስማት ያደክማል።

አንድ ቅዳሜ መሣሪያ እንግዛ ስለው እሺ አለ፤ ገረመኝ። መሃል ከተማ መለዋወጫ ተራ ገባን። መጀመሪያ ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ መፍቻ መረጠ፣ ውስጡ ካንዴላውን እንዳይወድቅ የሚይዝ ጎማ ያለውን። ከዚያ ክፍተት የሚለኩባቸውን ስስ ብረቶች በጣቱ እየዳሰሰ ዝገት የነካቸውን መለሰ። ለዚህ እኔ አላስፈልገውም፤ ጥግ ይዤ እግሬን አሳረፍኩ።

ቀጥሎ ሻጩ ሁለት ነገር አወጣ። አንዱ ሞተሩ እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት በጩኸት የሚናገር ትንሽ ሳጥን ነው። ሌላው ሽጉጥ የሚመስል፣ እሳት በተሰጠ ቁጥር ብልጭ የሚል መብራት።

«ሙዜ» አለው፣ አባባ እንደ ማለት ነው፤ «ሳጥኑ ይሻልዎታል፤ ቀላል ነው።» ከዚያ ሽቦዎቹን አነካክቶ አስጮኸው። ጥርስ የሚያሳክክ ቀጭን ጩኸት ነው። ባለቤቴ ሳጥኑን እያየ እስኪጮህ ይጠብቃል።

«ይሰማዎታል?» አለ ሻጩ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ይላል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ነገር እፈጥርለት ነበር። ያን ቀን ግን ጉልበቱ አልነበረኝም።

«ይሰማሃል ወይ ነው የሚልህ» አልኩት።

ሻጩን አየ፣ ሳጥኑን አየ። ከዚያ መብራቱን አነሳና በጠራ ሉጋንዳ «ይሄን ጠቅልልልኝ» አለው።

ንቲንዳ ያለው መኖሪያ ግቢያችን ስንደርስ የመብራቱን ሽቦ ከካንዴላው ገመድ ጋር አያያዘ። እኔ ሞተሩን አስነሳሁ። ብልጭታው ሲያርፍበት የሚሽከረከረው ክብ ብረት የቆመ ይመስላል፤ ላዩ ላይ ያለው ምልክትም ይታያል። እዚያ ላይ አጎንብሶ፣ ምልክቱ ልክ እስኪገባ ማከፋፈያውን በእጁ እያዞረ ብዙ ቆየ። ሲጨርስ እጁን ጠረገና ኮሎሎን እንውጣ አለኝ።

ዳገቱ መሃል ላይ ነዳጅ ረገጠ። ዓይኑ መንገዱ ላይ ስለሆነ አፌን ሊያይ አልቻለም።

«ምን ትላለች?» አለኝ።

መጀመሪያ ስለማን እንደሚጠይቀኝ አልገባኝም። መኪናው ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው የለም።

«ገና ትንሽ ታንኳኳለች» አልኩት፣ እንዳይቆጣ በለሆሳስ።

መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆማትና ሞተሩን አጠፋ። እጁ መሪው ላይ እንዳለ ወደ እኔ ዞረ።

«አልሰማሁሽም» አለኝ። «ጮክ ብለሽ ንገሪኝ።»