ማንጎ በሌለበት ክፍል

«ማንጎ ያመጣው ማነው?» አልሁ፣ ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴን እትዬ ዘውዴን ልጠይቅ ሆስፒታል ገብቼ። ክፍሉ የበሰለ ፍሬ ይሸታል።

ነርሷ ቀና ሳትል «ማንጎ የለም፤ ከትንፋሻቸው ነው» አለችኝ።

እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዳገት እንደወጣ ሰው በኃይል ይተነፍሳሉ። እኛ ጠያቂዎች ከሐኪም በላይ እናውቃለንና «እሰይ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው» እንባባላለን።

«እንቅልፍ አይደለም። ደማቸው አሲድ በዝቶበት ነው፤ ሳንባቸው ሊያወጣው እየታገለ ነው» አለች ነርሷ፣ ትንፋሻቸውን በሰዓቷ እየቆጠረች። «የስኳር መርፌያቸውን መቼ ነው የተወጉት?»

ልጃቸው አቀረቀረች። «ጸበል ላይ ነበሩ እኮ እህቴ። ከጸበል ጋር አይሄድም ብለው ሰባት ቀን ተዉት። መርፌው ቤት፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው።»

ጸበሉ ያለበት ገዳም አባት መርፌውን አልከለከሏቸውም፤ «ልውጋ ወይ?» ብሎ አባን የጠየቀም የለም።

ወደ ገዳሙ ሐይቁን ሲሻገሩ እትዬን እስከ ጀልባው የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ወሬ የማያልቅብኝ ሴት፣ «መርፌውንስ ይዘዋል?» ማለት አቃተኝ።

አሁን ኢንሱሊኑ በደም ሥራቸው እየገባ ነው። ነርሷ በየሰዓቱ ስኳራቸውን ትለካለች። ስወጣ ግን ስማቸውን ስንጠራ ገና አይመልሱም ነበር።

ከእናንተስ ቤት ጸበል የሄደ ሰው አለ? መጀመሪያ ፍሪጁን ከፍታችሁ እዩ፤ ከዚያ ያገኛችሁትን ጻፉልኝ።