ባለካፖርቷ እጇን አታወጣም

ፋርማሲስቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ያየችውን ሁሉ ትስላለች፤ ፈረስ በሉ፣ ጣሪያ በሉ፣ የተቆጣች አክስት በሉ፣ አያቅታትም። እጅ ብቻ እምቢ አላት። አምስት ጣት ስላ ስትጨርስ ወይ ካሮት ይመስላል ወይ ሹካ። እናቷ ሥዕሉን እያዩ «ምነው ልጄ፣ የሰዎችሽን እጅ ሁሉ በር ቆረጠመው እንዴ?» እያሉ ይስቁባት ነበር።

አንድ ሳምንታዊ መጽሔት ለመጨረሻ ገጹ በሥዕል የሚተረክ ታሪክ ሲጠይቃት ታዲያ ዘዴ ዘየደች። ጀግናዋን ረጅም ካፖርት አለበሰችና ሁለት እጇን ኪስ ውስጥ ከታ ተገላገለች። ባለካፖርቷ ወንበዴውን በትከሻዋ ገፍታ፣ በጉልበቷ አጥፋ፣ በግንባሯ ደፍታ ልክ ታስገባዋለች፤ እጇ ግን ከኪሷ ወጥቶ አያውቅም። አንባቢ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ይህቺ ሴት እጇን ያወጣች ቀን ከተማው ያልቅለታል!» ፋርማሲስቷ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ሞኝ ናት እንዴ የገዛ ጉዷን የምታወጣ!

እንዲህ ፋርማሲው ውስጥ ሰው በሌለ ሰዓት በባዶ የክኒን ካርቶን ላይ እየሳለች ዓመታት አለፉ። ከዚያ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ጠራትና ባለካፖርቷን ተከታታይ ድራማ ልናደርጋት ነው አላት። የደስታዋን ነገር ተዉት! ግን ምን ያደርጋል፣ የድራማ ክፍሉ ኃላፊ ገና በመጀመሪያው ስብሰባ «እጇን እናወጣለን፤ ከመዳፏ እሳት ይወጣል» አለ።

«ምን ሲደረግ!» አለች ፋርማሲስቷ። ሰው ፊት ስትጮህ የመጀመሪያዋ ነበር። «እሳት የሚተፋማ ሞልቷል። እጇን ካወጣች የኔዋ አይደለችም።»

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ይሞከራ» አለ። የድብድብ አሠልጣኙ ሁለት ተዋናዮችን ካፖርት አልብሶ፣ እጃቸውን ኪስ አስከትቶ ሞከረ። አንደኛዋ ፍራሹ ላይ በአፍንጫዋ ተደፋች፤ ሁለተኛዋ እንደ እንዝርት ሾራ ከመብራት ማቆሚያው ጋር ተላተመች። አሠልጣኙም «ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በእጁ ነው። ይሄ በወረቀት እንጂ በሥጋ አይሆንም» ብሎ ፈረደ። ኃላፊው ደግሞ እስከ ዓርብ የሚታይ ነገር ካልቀረበ ወደ እሳቱ እንደሚሄድ ቁርጡን ነገራት።

እናቷ ቤት ሄዳ ሶፋው ላይ ተዘረረች። ታናሽ እህቷም እዚያው ነበረች፤ በሴቶች እግር ኳስ ቡድን ተከላካይ ሆና ኖራ አሁን ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች። ነገሩን ስትሰማ በሳቅ ፈረሰች።

«እትዬ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ? ጎሉ አጠገብ ኳስ እጅሽን ከነካ እኮ አለቀልሽ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ነው! አጥቂ ሲመጣብኝ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው የማስቆመው። ዓርብ ካፖርቱን እኔ እለብሰዋለሁ።»

«ኧረ ተይ፣ ትሰበሪያለሽ!» አሉ እናት። ማን ሰምቷቸው።

ዓርብ እህትየው ካፖርቱን ለበሰችና እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። የመጀመሪያው ወንበዴ ሲሮጥባት ቦታውን ለቀቀችለት፤ ምስኪኑ አየሩን ታግሎ ወደቀ። ሁለተኛውን ትከሻዋን ደገፍ አድርጋ ገፋችው፣ ፍራሹን አልፎ ሄደ። ይኼኔ አሠልጣኙ እልህ ያዘውና ራሱ ገባ። እሷ ጎንበስ ብላ በዳሌዋ ገጨት ስታደርገው እግሩ ወደ ላይ ሆነ። ተኝቶ ትንሽ ጣሪያውን ካየ በኋላ «እንደገና!» ብሎ ጮኸ፣ እየሳቀ።

ኃላፊው ስለ እሳት ያወራ ሰው አልመስል አለ። ባለካፖርቷን እህትየው ራሷ እንድትጫወታት እዚያው ወሰነ። ከዚያ ፋርማሲስቷን ለብቻ ጠርቶ «ለመሆኑ የኪሱ ትርጉም ምንድን ነው?» አላት።

«እጅ መሳል አልችልም» አለች።

ትክ ብሎ አያት። «በይ ይሄን ለሌላ ሰው እንዳትናገሪ» አላት።

የመጀመሪያው ክፍል በተላለፈበት ምሽት የእናትየው ሳሎን በዘመድ በጎረቤት ጢም አለ። ፋርማሲስቷ መቀመጫ አጥታ በሩ ላይ ቆማለች። መጨረሻ አካባቢ ወንበዴዎቹ ባለካፖርቷን ግድግዳ አስይዘው ከበቧትና አለቃቸው «እጅሽን አውጪ!» አላት። ሳሎኑ በአንድ ድምፅ «እንዳታወጪ!» ብሎ ጮኸ። የጮኹት እነዚያው ስትስላቸው የኖረችው አክስቶች፣ እነዚያው የክኒን ደንበኞቿ ናቸው። ፋርማሲስቷ ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆነና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

እናት ግን ብድግ ብለው ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመዋል። «እንዳታወጪ ልጄ! በጉልበትሽ በይው!»

«እማዬ፣ እኔ እኮ እዚህ ነኝ» አለች እህትየው ከሶፋው ላይ።

«ዝም በይ አንቺ፣ ልስማበት!» አሏት እናት።